የዶሮ እርባታ ጽሑፎቼን ሰው ጎግል ላይ እንዲያገኛቸው ምን ላድርግ?

ጫጩት ቤት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ስለ ዶሮ እርባታ በአማርኛ የምጽፍበት ድረ ገጽ አለኝ። ብሎገር በሚባለው የጎግል የድረ ገጽ መክፈቻ ላይ በነፃ የተከፈተ ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ መኖ፣ ስለ ጫጩት ማሞቂያ ብዙ ጽፌያለሁ። ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ሰው ይገባል። በማግስቱ ጭር ይላል። ከጎግል የሚመጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሰው ዶሮዎቹ ሲያልቁበት ስልኩን አንስቶ ጎግል ላይ ይጽፋል። የሚያገኘው ወይ በእንግሊዝኛ ነው፣ ወይ ለኛ አገር ዶሮና ለኛ አገር መኖ የማይሆን ነው። መልሱ ግን እኔ ጋ ተጽፎ ተቀምጧል። ለማስታወቂያ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም። ኮድም አልችልም። በራሴ እጅ ላደርገው የምችለው ነገር ካለ ንገሩኝ።

ድረ ገጽ ሠሪ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጣራ። ጎግል ጽሑፎችሽን ያውቃቸዋል ወይ? መፈለጊያው ላይ ሳይት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ሁለት ነጥብ አድርጊ፣ ክፍተት ሳትተዪ የድረ ገጽሽን አድራሻ ቀጥዪበት። ጽሑፎችሽ ተዘርዝረው ከመጡ መዝግቧቸዋል። ካልመጡ ስለ ርዕስም ስለ ሌላም ማውራቱ ገና ነው።

ምንም ካልመጣ ብሎገር ሴቲንግ ውስጥ ግቢ። ፕራይቫሲ ከሚለው ስር ድረ ገጹ ለመፈለጊያዎች ይታይ እንደሆነ የሚጠይቅ ማብሪያ አለ። እሱ መብራት አለበት። ወርድፕረስ የሚባለውን ሌላ የድረ ገጽ መሥሪያ የምትጠቀሙ ደግሞ ሪዲንግ የሚለው ሴቲንግ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አላችሁ። እዚያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሳጥኑ ላይ ምልክት ካለ መፈለጊያዎችን አትግቡ እያላችኋቸው ነው። ድረ ገጹ ሲሠራ ምልክት ይደረግበትና ሥራው ሲያልቅ ሳይነሳ ይቀራል። ደንበኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል ክፈቺ። የጎግል ነው፣ ነፃ ነው። በጂሜይልሽ ትገቢያለሽ፣ አድራሻሽን ትሰጪዋለሽ። ሳይትማፕ የሚለው ስር ሳይትማፕ ዶት ኤክስኤምኤል ብለሽ በላቲን ፊደል አስገቢ። የጽሑፎችሽን ዝርዝር ለጎግል መስጠት ማለት ነው። ዝርዝሩን ብሎገር ራሱ ያዘጋጀዋል፣ አንቺ ምንም አትሠሪም።

የሰርች ኮንሶል ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሰው ምን ብሎ ሲፈልግ ያንቺ ገጽ ብቅ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ሰው እንደነካው፣ በስንተኛ ደረጃ እንደወጣ ያሳይሻል። እስከ 16 ወር ድረስ ያለውን ያቆያል። ከዚህ በኋላ የምንነግርሽን ሁሉ የምትፈትሺው እዚያ ነው።

ጫጩት ቤት፦

እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት። ማብሪያው በርቷል፣ ግን ከጽሑፎቼ ገሚሱ ብቻ ነው የመጣው። ሰርች ኮንሶልም ከፍቻለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የጽሑፎቹ አድራሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ብሎግ ፖስት ይልና ቁጥር ይከተላል። የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አለየኝም። ይሄ ችግር አለው?

ፊደል ገበታ፦

የብሎገር ጠባይ ነው። አድራሻውን የሚሠራው በርዕሱ ውስጥ ካለው የላቲን ፊደል ነው። ርዕስሽ አማርኛ ከሆነ የሚይዘው ስለሚያጣ ለሁሉም ብሎግ ፖስት የሚል ስም ይሰጣል። መፍትሔው ጽሑፉን ከማውጣትሽ በፊት ነው። ከጎን ፐርማሊንክ የሚል አለ፣ እሱን ከፍተሽ ከስተም የሚለውን ምረጪ። ፈንግል ክትባት የሚሉትን ሁለት ቃላት በላቲን ፊደል ጽፈሽ መሐላቸው አጭር ሰረዝ አድርጊ። በቃ።

የወጡትን ግን አትንኪያቸው። አድራሻቸው ከተቀየረ ቴሌግራም ላይ የበተንሻቸው ሊንኮች አይከፈቱም። የአድራሻው ስም በደረጃ ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ለዚያ ብለሽ ያለሽን አንባቢ አትጪ።

ወርድፕረስ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን አድራሻ ይቀበላል፣ ግን እያንዳንዱን ፊደል ወደ 9 ምልክት ይቀይረዋል። የቦታው ወሰን 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ወደ 22 ፊደል ሲደርስ ይቆርጠዋል። ረጅም ርዕስ ካላችሁ አድራሻው ቃል መሐል ላይ ተገንጥሎ ይቀራል። ሊንኩን ኮፒ አድርጋችሁ ስትልኩትም በፐርሰንት ምልክት የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ሳይከፍተው ያልፋል። እዚያም አጭር የላቲን አድራሻ ይሻላል። ርዕሱና ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፣ አድራሻው ብቻ በላቲን።

የቢሾፍቱ አርቢ፦

ስለ ኮምፒዩተሩ አላውቅም። ግን እህታችን የምትጽፍለት ሰው እኔ ነኝ። ዶሮ አረባለሁ። ስለዚህ እኛ እንዴት እንደምንፈልግ ልንገራት።

ድረ ገጿን አሁን ገብቼ አየሁት። ጥሩ ነገር ነው የጻፈችው። ግን አንዱ ርዕስ «የኒውካስል በሽታ ምንነትና የመከላከያ ዘዴዎቹ» ይላል። እኔ ኒውካስል ብዬ ፈልጌ አላውቅም። እዚህ ሰው ፈንግል ነው የሚለው። በሽታው መሆኑን ሳላውቅ በፊት ደግሞ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ዶሮዬ አንገቷ ተጣመመ። አረንጓዴ ያስቀምጣታል። ክንፏን ጥላ ትተኛለች። ጎግል ላይ የምጽፈው ይህንን ነው። ጽሑፉ ውስጥ እነዚህ ነገሮች አሉ፣ ግን ወደ ታች ብዙ ከተነበበ በኋላ ነው የሚመጡት።

ድረ ገጽ ሠሪ፦

ከሁላችን ይልቅ ትክክለኛውን ነገር የተናገረው ይሄ ወንድማችን ነው። እህቴ፣ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ እሱን ያዢ።

ያንን ጽሑፍ እንውሰደው። ርዕሱ «የዶሮ ፈንግል በሽታ፦ ምልክቶቹና የክትባት ጊዜው» ቢሆን ሰው የሚፈልገው ቃል ከፊት ይመጣል። ኒውካስል የሚለውን ጽሑፉ ውስጥ አስገቢው፣ ከክትባት ሻጭ የሰሙ ሰዎችም በሱ ይፈልጋሉ። ንዑስ ርዕሶቹን ደግሞ አርቢው በሚጠይቀው አኳኋን አድርጊያቸው። «ዶሮ አንገቷ ሲጣመም ምንድን ነው?» «ፈንግል መድኃኒት አለው ወይ?» «የተረፉትን እንዴት ላድርጋቸው?» እነዚህን ጽሑፉን በማድመቅ ብቻ አትሥሪያቸው። ብሎገር ላይ ሄዲንግ ከሚሉት ምርጫዎች አንዱን ስጫቸው። ጎግል የጽሑፉን አካል ከንዑስ ርዕሱ የሚለየው በዚያ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን አንቀጽሽን አነበብኩት። የዶሮ እርባታ በአገራችን ኢኮኖሚ ስላለው ድርሻ ነው የሚያወራው። አማርኛ ጽሑፍ ላይ ይሄ ልማድ አለብን፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ይመስለኛል። ዶሮው እየሞተበት ያለ ሰው ይህንን አያነብም። ተመልሶ ይወጣል። የመጀመሪያው አንቀጽ መልሱ ይሁን። ፈንግል ቫይረስ ነው፣ የታመመችን ዶሮ የሚፈውስ መድኃኒት የለውም፣ የሚያድነው አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባት ነው፣ የታመሙትን ዛሬውኑ ለዪ። በዚህ ጀምሪ። ጎግልም ብዙ ጊዜ ከርዕሱ ስር የሚያሳየው ቁራጭ ከዚህ ቦታ የሚወስደው ነው። ብሎገር ሴቲንግ ውስጥ የሰርች ማብራሪያን ካበራሽ ለየጽሑፉ የራስሽን አጭር መግለጫም መጻፍ ትችያለሽ። ጎግል የግድ አይወስደውም፣ ግን ከወሰደው ሰው እንዲነካው ያደርጋል።

ባለ ሱቅ፦

እኔ የማውቀው ቀላል መንገድ አለ። ዶሮ፣ ዶሮ እርባታ፣ ዶሮ መኖ፣ የዶሮ ዋጋ እያልሽ ከጽሑፉ ስር ደጋግመሽ ጻፊ። እንዳያስቀይም በነጭ ቀለም አድርጊው። ኪወርድ የሚባለው ቦታ ላይም ሙዪው። ሊንክ የሚሸጡ ሰዎችም አሉ፣ በትንሽ ብር ብዙ ሊንክ ይሰጡሻል።

ፊደል ገበታ፦

ወንድሜ፣ ለእርዳታ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይሄ ይጎዳታል። የተደበቀ ጽሑፍ በጎግል ደንብ የተከለከለ ነው። ሊንክ መግዛትም እንደዚያው። ኪወርድ የሚባለውን ሳጥን ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 በይፋ ተናግሯል። እዚያ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ለምንም አይሆንም።

ሊንክ ጥቅም አለው፣ ያ እውነት ነው። ጎግል ራሱ የተነሣው በዚህ ሐሳብ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ስታንፎርድ ሆነው ያወጡት ፔጅራንክ ከሌላ ገጽ የሚመጣን ሊንክ እንደ ምስክር ይቆጥራል። የምስክሩ ክብደት ደግሞ በምስክሩ ማንነት ይወሰናል። የተገዛው ምስክር ሲነቃበት ዋጋ የለውም። ከግብርና ኮሌጅ ገጽ፣ ከአርቢዎች ማኅበር፣ ስለ ምግብ ከሚጽፍ ሰው የሚመጣ አንድ ሊንክ ከተገዙት ሁሉ ይበልጣል። እሱ የሚገኘው ደግሞ በመጠየቅ ነው። «ስለ ክትባት ጊዜ የጻፍኩት አለ፣ ለተማሪዎቻችሁ ይጠቅማል ካላችሁ አያይዙት» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም።

ከገጽ ወደ ገጽ የምታያይዢውን ሊንክም አትርሺ። ከጽሑፎችሽ ገሚሱ ያልተመዘገበው አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ስለ ጫጩት ማሞቂያ ስትጽፊ የክትባቱን ጽሑፍ አያይዢ። «እዚህ ይጫኑ» አትበዪ። «የጫጩት ክትባት ጊዜ ሰሌዳ» የሚሉት ቃላት ራሳቸው ሊንክ ይሁኑ።

ጫጩት ቤት፦

ገብቶኛል። ርዕሶቹን መቀየር ጀምሬያለሁ። አንድ ሌላ ጥያቄ። በጣም ሰው የሚወደው ጽሑፌ የመኖ አዘገጃጀቱ ነው። ሠንጠረዡን ስልኬ ላይ በፖስተር መልክ አሳምሬ ሠርቼው ምስሉን ነው የለጠፍኩት። ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው አጋርቶታል። ጎግል ላይ ግን የለም።

ፊደል ገበታ፦

ምስል ስለሆነ ነው። ፖስተሩ ውስጥ በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ኖራ ድንጋይ ብለሽ ብትጽፊም ለጎግል ያ ሁሉ አንድ ፎቶ ነው። በምስል ውስጥ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ተስፋ አታድርጊ። ፖስተሩን ተዪው፣ ለቴሌግራም ይሁንሽ። ከስሩ ግን እያንዳንዱን መስመር በጽሑፍ አስቀምጪው። ለምስሉም ኦልት የሚባለው የምስል መግለጫ ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ አዘገጃጀት ሠንጠረዥ» ካልሽ በቂ ነው።

ከድሮ መጽሐፍና ከድሮ ፒዲኤፍ የምትገለብጡ ሰዎችም ልብ በሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚግባቡበት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶች በድሮዎቹ ፎንቶች ነበር የሚጽፉት። ከነዚያ ኮፒ ስታደርጉ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። የግብርና መመሪያ እንደዚያ ተለጥፎ አይቻለሁ። ያሳዝናል፣ ብዙ ዕውቀት አለበት። ብዙ ጊዜ እንደገና መተየብ ይጠይቃል።

የቢሾፍቱ አርቢ፦

ፖስተሩ ሌላም ችግር አለው። ፓኬጅ ይበላል። ከከተማ ወጣ ስል ገጹ ሳይከፈት ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ድረ ገጽ ሠሪ፦

እውነቱን ነው። ስልክ የሚያነሳው ፎቶ 4 እና 5 ሜጋባይት ይሆናል። ከመለጠፍሽ በፊት ስፋቱን 1200 ፒክስል አካባቢ አድርጊው። ዓይን ልዩነቱን አያይም። ጎግል ከገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይፈልጋል፣ የሚገመግመውም የስልኩን መልክ ነው። ፔጅ ስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጎግል መለኪያ ላይ አድራሻሽን ስትሰጪው የከበደውን ነገር ለይቶ ይነግርሻል። ከጎን የሚንቀሳቀስ ሰዓትና የጎብኚ መቁጠሪያ ካለሽም አንሺያቸው።

ወጣት ነጋዴ፦

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልስማማም። አሁን ሰው ጎግል ላይ አማርኛ አያነብም። ያለው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ነው። ይሄን ሁሉ ድካም ለቪዲዮ ብታውለው ይሻላታል።

ጫጩት ቤት፦

ወንድሜ፣ ቴሌግራሙን አልተውኩም። ግን ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት በማግስቱ ይሰምጣል። ዛሬ ዶሮ የታመመበት ሰው የዛሬ ዓመት የለጠፍኩትን ወደ ላይ እየጎተተ አያገኘውም። በዚያ ላይ ቻናሌን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚገባው። እኔ የምጨነቀው ለማያውቀኝ ሰው ነው። መጀመሪያ ጊዜ ጫጩት የገዛች፣ የምትጠይቀው ሰው አጠገቧ የሌላት ሴት አለች። እሷ የምትጠይቀው ስልኳን ነው።

ከሜሪላንድ፦

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ለወንድሜ ዶሮ ቤት ገንዘብ ከምንልከው አንዱ ነኝ። እኔ አማርኛ ኪቦርድ ስልኬ ላይ ያስገባሁት በቅርቡ ነው። ከዚያ በፊት በሙሉ ዶሮ እርባታ የሚለውን በላቲን ፊደል ነበር የምጽፈው። እንደኔ ዓይነት ሰው እዚህ ብዙ ነው። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ በላቲን ፊደልም ቢገባ ይረዳናል።

አንድ ሐሳብም አለኝ። በእንግሊዝኛ ስለ ዶሮ የተጻፈ መዓት አለ። ያንን በማሽን እያስተረጎመች በአማርኛ ብታወጣው ገጾቿ ቶሎ አይበዙም?

ፊደል ገበታ፦

በላቲን የመጻፉ ነገር ጥሩ ነው። አድራሻው ላይ አንዴ፣ ጽሑፉ ውስጥ አንዴ ይበቃል።

ማስተርጎሙን ግን ተዪው እላለሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ደንቡን አጥብቋል። ለሰው ጥቅም ሳይታሰብ በገፍ የሚመረት ገጽ፣ በማሽንም ይሠራ በሰው፣ ከደረጃ ይወርዳል ወይም ከነጭራሹ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የክትባት መጠን ነው የሚጻፈው። ማሽኑ ጠብታውን ሚሊ ሊትር ቢለው የሰው ንብረት ያልቃል። እሷ አንድ የምታውቀውን ብትጽፍ ይበልጣል።

የፊደል ነገር ከተነሣ አንድ ልጨምር። አሠራርና አሰራር፣ ሕመምና ህመም፣ ሰው ሁለቱንም ይጽፋል። መኖ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፉርሽካ፣ ፍሩሽካ፣ ፉሩሽካ እያለ ሁሉም በየአፉ ይጽፋል። ርዕሱ ላይ አንዱን ምረጪ። የትኛውን ለሚለው ጎግል ላይ መጻፍ ጀምሪና ሳትጨርሺ የሚያቀርብልሽን አማራጮች እዪ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል ላይ ሰው በየትኛው እንደመጣ ተከታተዪ። ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ «አንዳንድ ቦታ ፍሩሽካ የሚሉት» ብለሽ ብታስገቢው ለአንባቢም ግልጽ ይሆናል። ሦስቱንም በየመስመሩ ማፈራረቅ ግን ጽሑፉን ያበላሻል።

ጫጩት ቤት፦

ተመልሼ መጣሁ። የፈንግሉ ጽሑፍ በአዲሱ ርዕስ መታየት ጀምሯል። ደረጃው ገና ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ከጎግል ሰው እየገባ ነው። ደስ ብሎኛል።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሰርች ኮንሶል አንዳንድ ገጾች አልተመዘገቡም ይላል። አድራሻቸው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ኤም የምትል ፊደልና 1 ቁጥር አለ። ሁለተኛ፣ ሰዎች «የ45 ቀን ጫጩት» ብለው ፈልገው ገጼ ታይቷቸዋል፣ ግን ማንም አልነካውም። ስለሱ ለብቻው የጻፍኩት ነገር የለም።

ድረ ገጽ ሠሪ፦

የመጀመሪያው አያሳስብሽ። ብሎገር ለስልክ የሚሠራው ቅጂ ነው። ጎግል ዋናውን ገጽ እስከመዘገበ ድረስ ቅጂው መቅረቱ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ወርቅ ነው። ሰው በር አንኳክቶ ነው የተመለሰው። ስለ 45 ቀን ጫጩት ለብቻው ጻፊ። ሳሶና ቦቫንስ የሚባሉት የዶሮ ዝርያዎች በምን ይለያሉ፣ የትኛው ለእንቁላል የትኛው ለሥጋ ይሆናል፣ ሲገዛ የክትባት መዝገቡ እንዴት ይጠየቃል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይደረጋል። ዋጋ ካስገባሽ የተጻፈበትን ቀን አብረሽ አድርጊ፣ ሲቀየር ያንኑ ገጽ አድሺው። በየጊዜው «የጫጩት ዋጋ» የሚል አዲስ ገጽ አትክፈቺ። እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። ስትጨርሺ ሰርች ኮንሶል ላይ አድራሻውን ከላይ አስገብተሽ ይመዝገብልኝ ብለሽ ጠይቂ።

ጊዜውንም አስቢበት። ለፋሲካ ዶሮ የሚያደርስ ሰው ጫጩት የሚፈልገው ጾሙ ሳይገባ ነው። ጎግል አዲስ ገጽን ለማወቅና ቦታ ለመስጠት ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ የበዓል ጽሑፍ በበዓል ሰሞን ከወጣ ዘግይቷል።

ጫጩት ቤት፦

በዚሁ ሳምንት እጽፈዋለሁ። የመኖውንም ከፖስተሩ ወደ ጽሑፍ ገልብጫለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ቤት ውስጥ ለማዘጋጀት በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ኖራ ድንጋይና ጨው ያስፈልጋል። ኖራ ድንጋዩ ከጠቅላላው 8 በመቶ ይሆናል። እሱ ከቀነሰ የእንቁላሉ ቅርፊት ይሳሳል።» ምን ትላላችሁ?

የቢሾፍቱ አርቢ፦

ጥሩ ነው። በመቶኛ ያለውን ግን በኪሎ አድርጊልን። እኛ የምናዘጋጀው በኩንታል ነው። ለ100 ኪሎ መኖ 8 ኪሎ ኖራ ድንጋይ ብለሽ ጻፊ። ጎግል ላይም «የ1 ኩንታል የዶሮ መኖ አዘገጃጀት» ብለን ነው የምንፈልገው።

ጫጩት ቤት፦

ርዕሱንም እንደዚያው አደርገዋለሁ።